ክዳን የተከለከለች ቤት

ሾላ ሜዳ ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ ሲሄዱ አስፋልቱን ይዛ የተዘረጋች፣ አስቀድመው «ወራጅ አለ» ካላሉት ሹፌሩ ሳይቆም የሚያልፋት ትንሽ ከተማ ናት። ዋሲላ ኑርዬ ከሰባት ዓመት የጅዳ ኑሮ በኋላ የተመለሰችው እዚህ ነው። የመጣችው በፈቃዷ አልነበረም፤ ከመንገድ ላይ ተይዘው በአውሮፕላን ተጭነው ከተመለሱት አንዷ ነበረች። ሻንጣዋ እንኳ እዚያው ቀርቷል።

አባቷን አያ ኑርዬን ያገኘቻቸው በኪራይ ቤት ነው። አያ ኑርዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭቃ ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በሾላ ሜዳና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች እጃቸው ያላረፈበት ግድግዳ ጥቂት ነው። የራሳቸውን ቤት ግን ዋሲላን ወደ ጅዳ ለመላክ ሸጠውት ነበር። ዋሲላ ከዚያ የላከችው ገንዘብ ደግሞ በእናቷ ሕመም አለቀ፤ እናቷም አልተረፈችም። ይህን ነገር አባትና ልጅ አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም።

የተከራዩት ክፍል ስምንት አባወራ የሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። ለስምንቱ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቧንቧ። ክፍሏ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍላለች፤ በአንዱ በኩል አያ ኑርዬ፣ በሌላው ዋሲላና የዘጠኝ ዓመት ልጇ ሉብና ይተኛሉ። ቀን ቀን መጋረጃውን ጠቅልላ፣ የልብስ መኪናዋን በሩ ላይ አውጥታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ኪራዩ በጨመረ ቁጥር የምትሰፋበት ሰዓት ይጨምራል። ከጅዳ የተመለሱት ሌሎች ሴቶችም፣ በጦርነቱ ጊዜ ከየገጠሩ መጥተው የቀሩትም፣ አስተማሪዎቹም፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚኖሩት።

የቤት ማኅበሩ የተወለደው ከዚህ ነው። ሀያ አራት ሰው ተሰባሰበ። ሊቀ መንበራቸው ሀሚዱ የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ሆነ፤ ጸሐፊዋ ዋሲላ። ከከተማው መሬት እስኪሰጣቸው ሦስት ዓመት ጠበቁ። በመጨረሻም በከተማዋ ዳር፣ አስፋልቱን ቁልቁል የሚያይ ድንጋያማ ተዳፋት ተሰጣቸው። ቀያሹ መጥቶ ችካል ተከለ፤ ዕጣ ወጣ። የዚያን ቀን አያ ኑርዬ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ወጡና ከመሬቱ እፍኝ አፈር አንስተው፣ ምራቃቸውን ጠብ አድርገው በመዳፋቸው አሹት። ከዚያ ለልጃቸው አሳዩዋት።

«ይይዛል» አሉ። «ጭድ ብቻ አምጡልኝ።»

የቤቱንም ነገር ያሰቡት እሳቸው ናቸው። መሠረቱ እስከ ጉልበት ድንጋይ፣ ምሰሶው ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው ሦስት ጊዜ የተመረገ ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ሁለት ክፍልና አንድ ማድ ቤት። አባላቱ በየተራ ተረዳድተው ቢሠሩት የቀን ሠራተኛም፣ ልብስ አጣቢም፣ ልብስ ሰፊም የሚችለው ቤት ነበር።

ችካሉ በተተከለ በአምስተኛው ወር ከተማው አዲስ መመሪያ አወጣ። አባላቱን ሰብስቦ ያነበበላቸው የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ባድሩ ነው፤ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ ሰላምተኛ ወጣት። ከእንግዲህ በሾላ ሜዳ የጭቃ ቤት መሥራት አይፈቀድም። አስፋልቱን በሚያየው ተዳፋት ላይ ደግሞ የሚሠራው ፎቅ ብቻ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ በዚህ ደረጃ ግንባታ ያልጀመረ መሬቱን ይመልሳል።

ዋሲላ ተነሳች።

«ባድሩ ወንድሜ፣ ፎቅ መሥራት ብንችል በማኅበር እንደራጅ ነበር?»

«እኔ አላወጣሁትም እኮ። ምክር ቤቱ ነው ያጸደቀው። ከተማችን ደረጃዋ ከፍ እያለ ነው። የሐይቁ ቱሪስት በዚህ ነው የሚያልፈው፤ የመንገድ ዳር ገጽታ ያስፈልጋል።»

«መመሪያው የወጣው ለማን ነው?»

«ለከተማው ነዋ።»

«እኛስ የማን ነን?»

ባድሩ ወረቀቱን አጠፈው። ከኋላ የተቀመጠችው ሙጂባ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ባሏ የሞተባት የአራት ልጆች እናት ናት፤ የምትኖረው የወፍጮ ቤት ዕቃ ማስቀመጫ በነበረች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ነው።

ያን ሳምንት ዋሲላና ሀሚዱ ሐይቅ ወርደው ጠበቃ ሙሉአለምን አገኙት። ሙሉአለም ብዙ ዓመት በዳኝነት የሠራ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። መመሪያውን ሁለት ጊዜ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«መክሰስ ይቻላል» አለ። «መርታት ሌላ ነገር ነው።»

«ጋሼ፣ ይህን መመሪያ ያነበበ ዳኛ ደሃን ለማስወጣት እንደሆነ አይገባውም?» አለችው ዋሲላ።

«ይገባዋል። ግን ነገሩ ወዲህ ነው። ‹ይህ ሰው ግድግዳዬን አፈረሰ› ብለሽ ብትሄጂ ፍርድ ቤት ይሰማሻል። ‹ይህ መመሪያ ደሃ አስወጣ› ካልሽው ‹መመሪያ መሻር የኔ ሥራ አይደለም› ይልሻል። ስለዚህ መመሪያው መጥፎ ነው አንልም። ለኛ አይሠራም ነው የምንለው። መሬቱን የተረከብነው ከመመሪያው በፊት ነውና።»

«መጥፎ ነው ማለት አንችልም?»

«በልብሽ በይ» አላት ሙሉአለም። «ወረቀት ላይ አይጠቅምሽም።»

ክሱ ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ የዋሲላ ኑሮ በቀጠሮ ሆነ። ዳኛ ታመመ፣ ቀጠሮ። የከተማው ነገረ ፈጅ መልስ አላመጣም፣ ቀጠሮ። መንገድ በተኩስ ተዘጋ፣ ቀጠሮ። እሷ በየጊዜው ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ ትሄዳለች፤ የቀጠሮ ቀን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብባ ትመለሳለች። በዚህ መሀል የሕጉን ቋንቋ ለመደችው። መቃወሚያ ምን እንደሆነ፣ ብይን ከፍርድ በምን እንደሚለይ፣ ለማኅበሩ ሰው ታስረዳ ጀመር። «አብሽሩ፣ ሰው ያለው ከሕግ በታች ነው፤ እነሱም ከሕግ በታች ናቸው» ትላቸው ነበር። ታምንበትም ነበር።

ምስክር የሚሰማበት ቀን በስድስተኛው ወር ደረሰ። ዳኛዋ ወጣት ሴት ነች። በመጀመሪያ የከተማው መሐንዲስ ሰዑድ ተጠየቀ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። የጭቃ ቤት ጊዜያዊ ግንባታ እንደሆነ፣ ዕድሜው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት እንደማይበልጥ፣ ለነዋሪውም አደጋ እንዳለው ተናገረ። ሲናገር ይጠነቀቃል፤ ክፋት የለበትም። የተማረውን ነበር የሚያወራው።

ቀጥሎ አያ ኑርዬ ቆሙ።

«አባቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለቻቸው ዳኛዋ።

«ጭቃ።»

ችሎቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሳቀ።

«ጭቃ ምን?»

«ማቡካት፣ መምረግ፣ መለሰን። ሌላ አላውቅም።»

«የጭቃ ቤት ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ አይቆይም ተብሏል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

አያ ኑርዬ ወደ ሰዑድ ዞሩ። «ልጄ፣ የምትሠራበት ቢሮ ግድግዳው ምንድን ነው?»

«አባቴ፣ ምስክር ይመልሳል እንጂ አይጠይቅም» አለች ዳኛዋ።

«እሺ፣ እኔው ልመልሰዋ። ቢሯቸው ጭቃ ነው። በደርግ ጊዜ ለእህል መጋዘን ተብሎ ሲሠራ እኔና ሟቹ ወንድሜ ነን የመረግነው። አርባ ዓመት አልፎታል። ሲሚንቶ የተቀባው በቅርቡ ነው። ወላሂ፣ ከመስኮቱ ሥር በቁልፍ ጫር ቢያደርጉት ጭዱን ያገኙታል።»

ነገረ ፈጁ ተነስቶ ነገሩ ከክሱ ጋር አይገናኝም አለ። ዳኛዋ ግን ጻፈችው፤ በሳምንቱም ከሬጅስትራሯ ጋር ሾላ ሜዳ ድረስ መጥታ ግድግዳውን አየች። ባድሩ ራሱ መስኮቱን ከፈተላቸው። ሰዑድ በሚስማር ጫር ሲያደርገው ከሲሚንቶው ሥር ቀይ አፈርና የጤፍ ጭድ ፈሰሰ። ጭዱ አሁንም ቢጫ ነው። አያ ኑርዬ ከውጭ ቆመው ያዩ ነበር፤ አልሳቁም፣ አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ፤ አንድ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው።

በግንቦት መጨረሻ ተፈረደላቸው። መመሪያው ከመውጣቱ በፊት መሬት የተረከቡት ሀያ አራቱ አባላት በቀድሞው ፕላን መሠረት መሥራት ይችላሉ ተባለ። ዋሲላ ፍርዱን ግቢው ውስጥ ጮክ ብላ አነበበችው። ሴቶቹ እልል አሉ። ሉብና የመጨረሻውን ገጽ ተቀብላ ማኅተሙን በጣቷ ትዳስስ ነበር።

ሙሉአለም በስልክ አስጠነቀቃት። «ይግባኝ ይላሉ። ትንሽ ብትታገሱ።»

«ክረምቱ እየመጣ ነው፣ ጋሼ። ሰው ከሚበቃው በላይ ታግሷል።»

በዕጣ ሳይሆን በስምምነት የመጀመሪያው ቤት የሙጂባ እንዲሆን ተወሰነ። ማንም አልተከራከረም። ሰው ሁሉ ወጣ። ሙንተሲር የሚባለው ፀጉር ቆራጭ፣ እሱም ከሳውዲ ተመላሽ ነው፣ ድንጋይ ተሸከመ። ሀሚዱ ተማሪዎቹ እያዩት ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃ ረገጠ። አያ ኑርዬ በሰባ አራት ዓመታቸው የልጅነታቸውን ያህል አዘዙ፣ ተቆጡ፣ መረጉ። «እርጥቡን ምታው! አትደባብሰው፣ ምታው!» ይላሉ። ዋሲላ ከጅዳ ከመጣች ጀምሮ አባቷን እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም። ሙጂባ ልጆቿን አስከትላ በሌለው በር እየገባች «ይሄ ሳሎን ነው፣ ይሄ የናንተ መኝታ ነው» ትላቸው ነበር።

በአሥራ ሁለት ቀን ግድግዳው ቆመ፤ ቆርቆሮ የሚሸከመው ወራጅም ተመታ። ቆርቆሮው ቅዳሜ ከሐይቅ ሊመጣ፣ ሐሙስ ጧት ሁለት ደንብ አስከባሪዎች ወረቀት ይዘው ወደ ተዳፋቱ ወጡ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እግድ ሰጥቷል። ይግባኙ እስኪወሰን ድረስ በቦታው ላይ ማናቸውም የግንባታ ሥራ እንዳይሠራ።

«ክዳኑ ብቻ ነው የቀረው» አለቻቸው ዋሲላ። «ቆርቆሮ ብቻ። እናንተም ታዩታላችሁ።»

«ማናቸውም ይላል።»

ሙሉአለም ያንኑ ቀን አቤቱታ ጻፈ፦ ግድግዳው ሳይከደን ዝናብ ቢመጣበት ስለሚፈርስ፣ እግዱ ክዳን መምታትን እንዳይጨምር። አቤቱታው ሰኔ ሀያ ላይ ለሐምሌ አጋማሽ ተቀጠረ። በሐምሌ አጋማሽ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ስላልተገኘ ወደ ሐምሌ መጨረሻ ተሻገረ። ያኔም ሳይሰማ ነሐሴ ገባና ፍርድ ቤቱ ለክረምት እረፍት ተዘጋ፤ መዝገቡ ለጥቅምት ተቀጠረ።

ዝናቡ ቀጠሮ አልጠየቀም። መጀመሪያ ሲያካፋ ዋሲላና ሙጂባ ላስቲክ ገዝተው ግድግዳው ላይ አለበሱት፤ ጫፉን በድንጋይ ያዙት። በማግስቱ ደንብ አስከባሪዎቹ መጥተው አነሱት። ላስቲክም ክዳን ነው አሉ። ሙጂባ የላስቲኩን ጫፍ ይዛ አልለቅም አለች።

«ልጆቼን ላስገባ አላልኩም» አለቻቸው። «ይሸፈን ብቻ። ሰው ሬሳ እንኳ ይሸፍናል።»

ከሁለቱ አንዱ፣ ወጣቱ፣ ፊቱን አዞረ። ሌላው ላስቲኩን ከእጇ ላይ ቀስ ብሎ ነጠቃት። «እቴ፣ እኔ እንጀራዬ ነው» አላት። ጠቅልሎም ይዞት ሄደ።

አያ ኑርዬ በየቀኑ ወደ ተዳፋቱ ይወጣሉ። ከሚያንጠባጥብ ጃንጥላ ሥር ቆመው ግድግዳውን ያያሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ልስኑ ታጠበ። በሁለተኛው ጭዱ ወጣ፤ ግድግዳው ፀጉር ያበቀለ መሰለ። በሦስተኛው፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ጥሎ ሲያድር፣ የምዕራቡ ግድግዳ ከነማገሩ ተኛ። ጧት ዋሲላ ስትደርስ አባቷ ከጭቃው ውስጥ እንጨቱን እየለቀሙ ነበር።

«ይተውት አባ፣ ይታመማሉ።»

«እንጨቱ ደህና ነው» አሉ። «እንጨቱ ምንም አልሆነም።»

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ መሐንዲሱ ሰዑድ ቦት ጫማ አድርጎ መጣ። ሰላምታ ሰጣቸው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የተኛውን ግድግዳ ከአራት ማዕዘን ፎቶ አነሳ። ዋሲላ ምን እንደሚያደርግ ወዲያው ገባት።

«ሰዑድ» አለችው፣ «ለምን እንደወደቀ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ትጽፈዋለህ?»

«የታዘዝኩት ያለበትን ሁኔታ እንዳሳይ ነው» አለ። ዓይኗን ማየት አልቻለም። ለአያ ኑርዬ እጁን ዘረጋ፤ እሳቸው እጃቸው ጭቃ እንደሆነ ሲያሳዩት ክንዳቸውን ያዝ አድርጎ ተሰናበታቸው።

ይግባኙ የተሰማው በኅዳር ነው፣ ደሴ። አያ ኑርዬ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው አብረው ሄዱ፤ እንደ ባለፈው የሚጠየቁ መስሏቸው ነበር። ሙሉአለም ኮሪደር ላይ ቁጭ አድርጎ አስረዳቸው።

«አያ ኑርዬ፣ እዚህ ምስክር አይሰማም። መዝገቡን ነው የሚያዩት።»

«መዝገቡ ውስጥ አለሁ?»

«አሉ። ጭዱም አለ።»

ከኋለኛው ወንበር ተቀምጠው ያዩ ነበር። ፎቶው ከአንዱ ዳኛ ወደ ሌላው ዳኛ ተላለፈ። ነገረ ፈጁ የጭቃ ቤት አንድ ክረምት እንኳ እንደማይቋቋም ይህ ማስረጃ በቂ ነው አለ። ሙሉአለም ተነሳ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ዋሲላ የሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው።

«የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ያፈረሰው ጭቃው አይደለም፤ እግዱ ነው። ቤቱ ክዳን ተከለከለ። ክዳን ያልተመታለትን ቤት ዝናብ አፈረሰው ብሎ ማስረጃ ማምጣት፣ ሰውን ምግብ ከልክሎ ደካማ ነው እንደማለት ነው።»

የመሀል ዳኛው ጽፎ ያዘ። ሌላ ጥያቄ አልነበረም። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት አልሞላም። ሲወጡ አያ ኑርዬ የልጃቸውን እጅ ያዙ።

«ያቺን ፎቶ አየኋት» አሉ። «የኔ ሥራ ናት ብሎ የሚያምን የለም።»

ውሳኔው በጥር ወጣ። ስለ ጭቃም፣ ስለ ጭድም፣ ስለ ፎቶም አንድ ቃል የለበትም። የግንባታ ደረጃ መወሰን የአስተዳደሩ ሥራ ስለሆነ ፍርድ ቤት ይህን የመመርመር ሥልጣን የለውም፤ የሥር ፍርድ ቤቱ ፍርድ ተሽሯል ይላል። ዋሲላ ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ የምትጣላው ቃል ፈልጋ አጣች። ተሳስታችኋል ቢሏት ትከራከር ነበር። አላሏትም። በሩ ይህ አይደለም ነው ያሏት፤ የትኛው እንደሆነ ግን አልጻፉም።

«ታዲያ በሩ የት ነው፣ ጋሼ?» አለችው ሙሉአለምን።

«ምክር ቤቱ ነው፣ ይላሉ።»

«ምክር ቤቱ እኮ ነው ያወጣው።»

«አውቃለሁ» አላት። ከዚያ ለሰበር ችሎት አቤቱታ እንደሚጽፍ፣ ለዚህ እንደማያስከፍላቸው፣ ግን ብዙ ተስፋ እንዳያደርጉ ነገራት። ጻፈላትም። ሰባት ወር ፈጀ። መልሱ አንድ ገጽ ነው፤ ከዚያም ውስጥ የነሱ ጉዳይ የተነሳበት ሁለት መስመር ብቻ ነበር። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት የለበትም፤ መዝገቡ ተዘግቷል።

ማኅበሩ በአንድ ቀን አልፈረሰም። ሰው አንድ በአንድ ቀረ። ሙንተሲር ፀጉር መቁረጫውን ሸጦ በጅቡቲ በኩል ባሕሩን ለመሻገር ወጣ፤ ከጠረፍ አንዴ ደወለ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ሀሚዱ ዝውውር አግኝቶ ኮምቦልቻ ሄደ። ወፍጮ ቤቱ ሲስፋፋ ሙጂባ ከዚያች ክፍል ወጥታ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ወዳለው ወንድሟ ቤት ገባች። ዋሲላ በረመዳን ልትጠይቃት ሄዳ ነበር። የወንድሟ ሚስት ደህና ሴት ናት፤ ቤቱ ግን ሞልቷል። ሙጂባና ልጆቿ የሚያድሩት ማድ ቤት ውስጥ ነው። ሙጂባ ስለ ቤቱ አንዲት ነገር አላነሳችም። ስትሸኛት ብቻ እንዲህ አለቻት፦

«ያንን ሁሉ ባንሠራው ይሻል ነበር ዋሲላ። ልጆቹ የትኛው ክፍል የማን እንደሆነ አሁንም ይጣሉበታል።»

ዋሲላ እስከ አስፋልቱ ያለውን መንገድ ስታለቅስ ሄደች።

የመጨረሻው ስብሰባ ላይ የመጡት ስድስት ሰዎች ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ጽሕፈት ቤቱ ለየአባሉ ደብዳቤ ላከ፤ የግንባታ ጊዜው ስላለፈ የይዞታ ካርታቸውን እንዲመልሱና የመረከቢያ ቅጽ ላይ እንዲፈርሙ። ዋሲላ ብቻዋን ሄደች። ባድሩ ተነስቶ ወንበር ሰጣት። ከስቷል።

«ሌሎቹ ፈርመዋል» አላት። «ያሉት ማለቴ ነው።»

ቅጹን አነበበችው። «በፈቃዴ መልሻለሁ» የሚል መስመር አለበት።

«ይህ ውሸት ነው» አለችው።

«ቅጽ ነው፣ ዋሲላ። ለሁሉም አንድ ነው።»

«አልፈርምም።»

ባድሩ ግንባሩን አሸ። «ብትፈርሚም ባትፈርሚም ያው ነው። ‹ለመፈረም ፈቃደኛ አይደለችም› ብዬ እጽፋለሁ፣ መሬቱ ይመለሳል። ምን ይጠቅምሻል?»

«ምንም።»

ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

«እኔም ተከራይ ነኝ» አለ ባድሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካገባሁ አራት ዓመቴ ነው። በዚህ ደሞዝ ፎቅ ቀርቶ የፎቅ መሠረት አላወጣም። መሬት ቢሰጠኝም መመሪያው እኔንም አያሠራኝም።»

ዋሲላ አየችው። ልትቆጣው ፈልጋ ቁጣው አልመጣም።

«ይህን ለምክር ቤቱ ነገርካቸው?»

«ማን ይጠይቀኛል?»

ካርታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እሱም ያንን ቃል ከቅጹ ግርጌ ጻፈ። ኮፒ እንዲሰጣት ጠየቀችው፤ የኮፒ ማሽኑ ስለተበላሸ በስልኳ ፎቶ አንስታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ አያ ኑርዬ ተኝተው ነበር። ከደሴ ከተመለሱ ወዲህ ከሶላት በቀር ብዙም አይነሱም። ሐኪም ቤት ወስዳቸው ነበር፤ በሽታ አልተገኘባቸውም። አንድ ሰው መጥቶ የአጥሩን ግድግዳ እንዲጠግኑለት ቢለምናቸው «እጄ ረስቶታል» ብለው መለሱት።

«ፈረምሽ?» አሏት።

«አልፈረምኩም።»

«ደግ አደረግሽ» አሉና ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻቸው ሳቡት።

በጥቅምት ዋሲላ ደሴ ሄዳ ፓስፖርቷን አሳደሰች። በዚህ ጊዜ በሕጋዊ መንገድ ነው፣ በኤጀንሲ፣ ሪያድ ለሚኖር ቤተሰብ። ዕድሜዋ ሠላሳ ዘጠኝ ነው፤ ኤጀንሲው ከአርባ በላይ እንደማይወስድ ሰምታ ነበር። ሉብና አሥራ አምስት ሞልቷታል፤ ከአያቷ ጋር ትቀራለች። ነገሩን ስትነግራት ልጅቷ አላለቀሰችም። የምታጥበውን ሳህን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ስትመለሺ፣ እማ፣ የት ነው የምትመጪው?»

«ወደ እናንተ ነዋ።»

«የት እንሆናለን?»

ዋሲላ «አላህ ያውቃል» አለች። ከዚህ የተሻለ ቃል ፈለገች፤ በሕግም፣ በዱዓም፣ በምንም አላገኘችም።

ተዳፋቱ በቆርቆሮ ታጥሯል። አንዳንዱ ሆቴል ሊሠራበት ነው ይላል፣ አንዳንዱ ነዳጅ ማደያ። እስካሁን የገባበት ሰው የለም፤ ሣሩ ከቆርቆሮው በላይ ወጥቷል።

የሄደችበት ቀን ማክሰኞ ነው። ሚኒባሱ ከውጫሌ ሞልቶ ስለመጣ ሹፌሩ መሀል ላይ የእንጨት መቀመጫ አስገብቶላት ተቀመጠች። አያ ኑርዬ እስከ መንገዱ ድረስ በሉብና ትከሻ ተደግፈው መጥተው ነበር። ሊያቅፏት አስበው፣ ረዳቱ ሲቸኩል፣ በመስኮቱ በኩል እጃቸውን አስገብተው ራሷን ዳሰሷት።

«ሂጂ» አሉ። «አላህ ያግራልሽ።»

ረዳቱ በሩን ዘጋ። ሚኒባሱ ተነሳ።